ከሳተላይት እስከ አማተር ሬዲዮ፦ ርካሽ የጂ.ፒ.ኤስ. ሞጁልን ከሬዲዮ ጋር የማገናኘት ትምህርት

መግቢያ

መርካቶ በተራ በተራ የተከፈለ ገበያ ነው። ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ የሚቀጥለው ስም ሁሉ አንዳንድ የሙያ ወይም የሸቀጥ ዓይነት ያስታውሳል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዱባይ ተራ ስሙ እንደሚያመለክተው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ሸቀጥ የታወቀ ነው። ከውጭ በሚገቡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ዛሬ ጂ.ፒ.ኤስ. ያልገባበት ጥቂት ነው። በእጅ ስልክ፣ በመኪና መከታተያና በካሜራ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ተቀባይ ናት። ይህችው ተቀባይ በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ተበይዳ፣ አራት እግር ብቻ ኖሯት፣ ለተማሪ በሚቀርብ ዋጋ ለብቻዋ ትሸጣለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለችውን ሞጁል ከአማተር ሬዲዮ ጋር በማገናኘት ሬዲዮው የራሱን ቦታ እንዲያውቅና ፈቃድ ባለው ሰው እጅ ለሌሎች እንዲያሳውቅ የሚያደርገውን ዘዴ ማስረዳት ነው። የእጅ ስልክ ማማ በሌለበት በረሃ ወይም ሸለቆ ውስጥ የተሰበረ መኪና ያለበትን ቦታ በቁጥር ማሳወቅ መቻሉ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ አንድ ሽቦ ያለ ቦታው ቢገባ ርካሹ ሞጁል ውዱን ሬዲዮ ሊያበላሽ ይችላል፤ ሬዲዮውም ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ቦታ ማስተላለፍ ምንም ካለማስተላለፍ ይብሳል፤ ሊረዳ የተነሣውን ሰው ወደሌላ አቅጣጫ ይወስዳልና። ስለዚህ ገመዱን ከማያያዛችን በፊት በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር እንወቅ።

1. በቅድሚያ ስለ ፈቃድ

አማተር ሬዲዮ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለወዳጅነት ግንኙነት የተፈቀደ፣ ለንግድ የማይውል የሬዲዮ አገልግሎት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኢትዮጵያ ከመደባቸው የጥሪ መለያዎች መካከል «ኢ.ቲ.» በሚሉት ሁለት ፊደላት የሚጀምሩት ይገኙበታል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ5 ኪሎ ግቢ፣ ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን ያደረጉበት ነው።

የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. መቀበልና ማስተላለፍ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ሞጁሉ ተቀባይ ብቻ ስለሆነ ምንም አያሰራጭም፤ ሬዲዮው ግን ያሰራጫል። ስለዚህ እዚህ የምንገልጸውን የሽቦ ሥራና ልኬት ማንኛውም ተማሪ ሬዲዮው ሳያስተላልፍ ሊሠራው ይችላል። የማስተላለፊያውን ቁልፍ መጫን ግን ፈቃድ ያለው ሰው ወይም በእርሱ ኃላፊነት የሚሠራ የክበብ ጣቢያ ድርሻ ነው።

2. ሞጁሉ ቦታውን የሚያውቀው እንዴት ነው?

የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪ.ሜ. ያህል ርቀው ይዞራሉ። ሥርዓቱ የተነደፈው በ24 ሳተላይቶች ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት በ1575.42 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ «እኔ እገሌ ነኝ፤ አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፤ ያለሁትም እዚህ ነው» የሚል መልእክት ያለማቋረጥ ይልካል። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ከራሳችን በላይ ካለ ሳተላይት እኛ ዘንድ ለመድረስ 0.067 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ተቀባዩ የጉዞውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት በማባዛት ርቀቱን ያገኛል።

በጠፈር ውስጥ አንድን ቦታ ለመወሰን ሦስት ርቀቶች የሚበቁ ይመስላሉ። ችግሩ የተቀባዩ ሰዓት ርካሽ መሆኑ ነው። ብርሃን በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የሰዓቱ ስህተት አንድ ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ቢሆን እያንዳንዱ ርቀት በ300 ሜትር ይሳሳታል። ስለዚህ የሰዓቱ ስህተት ራሱ አራተኛ ያልታወቀ ቁጥር ይሆናል። አራት ያልታወቁ ቁጥሮች አራት እኩልታ ስለሚጠይቁ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች መታየት አለባቸው። ከስሌቱ ሁለት ውጤቶች አብረው ይገኛሉ፦ ቦታና እጅግ ትክክለኛ ሰዓት።

የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብም እዚህ ላይ የዕለት ተዕለት ሥራ አለው። የሳተላይቱ ሰዓት ከፍጥነቱ የተነሣ በቀን 7 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት ስለሚደክም ደግሞ 45 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። ልዩነቱ 38 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ይህ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በአንድ ቀን ከ11 ኪ.ሜ. በላይ በሆነ ነበር።

አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ የነበረውን ሥርዓት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) አቋረጠች። እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስህተት ከዚያ ወዲህ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ርካሽ ሞጁል ለቁም ነገር መዋል የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

3. በሱቅ ውስጥ የማይሠራው ስለ ምንድን ነው?

ሞጁሉን የገዛ ሰው በመርካቶ ሱቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰጥቶት ቦታ አላወጣ ቢል ተበላሽቷል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል። ምድር ላይ የሚደርሰው የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ጉልበቱ ከአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው። የሞገዱ ርዝመት 19 ሳ.ሜ. ስለሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ውስጥ አያልፍም፤ ከብረቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የሲሚንቶ ወለል ያለው ፎቅም እጅጉን ያዳክመዋል።

ከሱቅ ወጥተን በጠባብ መተላለፊያ ላይ ብንቆም ሌላ ችግር ይገጥመናል። ፎቆቹ ሰማዩን ስለሚሸፍኑ በቀጥታ የሚታዩት ሳተላይቶች ጥቂት ይሆናሉ፤ የሌሎቹ ምልክት ከግድግዳና ከቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ይደርሳል። የነጠረው ሞገድ ረጅሙን መንገድ ስለመጣ ተቀባዩ ሳተላይቱን ከእውነቱ ይበልጥ ሩቅ አድርጎ ይገምተዋል። ተጨማሪው መንገድ 30 ሜትር ቢሆን የርቀቱ ልኬት በዚያው መጠን ይሳሳታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የቆመ ሰው ቦታው በማሳያው ላይ ከአንዱ ረድፍ ሱቅ ወደሌላው ሲዘል ያየዋል።

ለመጀመሪያው ሙከራ ስለዚህ ሰማይ በደንብ የሚታይበት ሜዳ ወይም ሰገነት ይመረጥ። የሴራሚክ አንቴናው ፊት ወደ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን የምሕዋር መረጃ በ50 ቢት በሴኮንድ ፍጥነት ስለሚልክና መረጃውን የያዘው ክፍል 1500 ቢት ስለሆነ፣ አንዱን ዙር ለመስማት 30 ሴኮንድ ይጠይቃል። ምልክቱ በመካከል ከተቋረጠ ተቀባዩ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። አዲስ ሞጁል ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ አያስደንቅም። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ቦታው ሲገኝ በሴኮንድ አንዴ ብልጭ የሚል መብራት አላቸው።

4. የሞጁሉ ዐረፍተ ነገር

በስፋት ከሚገኙት አንዱ በስዊዘርላንዱ ዩ-ብሎክስ የተነደፈው ኒዮ-6ኤም ነው፤ አስመስለው የተሠሩም ብዙ ናቸው። ሞጁሉ በየሴኮንዱ ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 0183 በተባለው ደንብ መሠረት ተራ የጽሑፍ መስመሮችን ይልካል። ይህ ደንብ በመጀመሪያ ለመርከብ መሣሪያዎች የወጣ ሲሆን እያንዳንዱን መስመር «ዐረፍተ ነገር» ይለዋል። ለምሳሌ የሚከተለውን እንመልከት። ፊደሎቹ በእውነተኛው መስመር የላቲን ናቸው፤ እዚህ በስማቸው ጽፈናቸዋል።

$ጂ-ፒ-አር-ኤም-ሲ,060000.00,ኤ,0901.8000,ኤን,03844.4000,ኢ,0.01,,150126,,,ኤ*49

ትርጉሙ በየተራው እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) 060000.00፦ ሰዓት፣ ለንደን ውስጥ በግሪንዊች በኩል በሚያልፈው ዜሮ ኬንትሮስ አቆጣጠር 6 ሰዓት ከ0 ደቂቃ። የአገራችን የሰዓት ክልል በዚህ ላይ 3 ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ 6 ይቀንሳል። ባጭሩ ከሞጁሉ ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው። ውጤቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል።

ለ) ኤ፦ መረጃው የሚታመን መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ቦታ «ቪ» ከተጻፈ ቦታው ገና አልተገኘም፤ ተከታዩ ቁጥር አይታመንም።

ሐ) 0901.8000፣ ኤን፦ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ1.8 ደቂቃ።

መ) 03844.4000፣ ኢ፦ ወደ ምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ44.4 ደቂቃ።

ሠ) 0.01፦ ፍጥነት በኖት። መሣሪያው ቆሟል ማለት ነው።

ረ) 150126፦ ቀን 15፣ ወር 01፣ ዓመት 26፤ በእኛ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.።

ሰ) 49፦ የማረጋገጫ ቁጥር።

በዚህ መካከል ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው የዲግሪና የደቂቃ አጻጻፍ ነው። 03844.4000 ማለት 38.444 ዲግሪ አይደለም። 44.4ቱ ደቂቃ ስለሆነ ለ60 ይካፈላል፦ 44.4 ÷ 60 = 0.74፤ ኬንትሮሱ 38.74 ዲግሪ ነው። ኬክሮሱም 1.8 ÷ 60 = 0.03 ስለሆነ 9.03 ዲግሪ ይሆናል። ይህ የመርካቶ አካባቢ ነው። ስህተት የፈጸመው ሰው ግን ኬንትሮሱን 38.444 ብሎ ያነብባል። በአዲስ አበባ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 110 ኪ.ሜ. ያህል ስለሆነ ስህተቱ 0.296 × 110፣ ማለትም 32 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ከመርካቶ የተጠራው ረዳት ከሆለታ ከተማ ብዙም ወደማይርቅ ስፍራ ይሄዳል ማለት ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ያነበበው ሰው ነው የተሳሳተው።

የማረጋገጫው ቁጥር ሽቦው ላይ የተበላሸን መስመር ለመለየት ያገለግላል። በ$ እና በ* መካከል ያሉት ፊደላት ሁሉ በሁለትዮሽ ቁጥር ተጽፈው ቢት ለቢት ይነጻጸራሉ፤ ሁለቱ ቢቶች ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ይጻፋል። ሬዲዮው ይህንኑ ስሌት ደግሞ ይሠራል፤ ውጤቱ 49 ካልመጣ መስመሩን ይጥለዋል። አንዲት ቢት ብቻ ብትለወጥ ውጤቱ መለወጡ አይቀርም።

ቀኑንም ማመሳከር ተገቢ ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. መልእክት ሳምንታትን የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለሆነ 1024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ በመጨረሻ የሆነው መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019) ሌሊት ሲሆን ቀጣዩ በ2031 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2038) ይሆናል። ዙሩን በትክክል የማይከተል ሞጁል በምሳሌያችን ቀን ጥር 7 ቀን 2018 በሚለው ፈንታ ግንቦት 24 ቀን 1998 ይል ነበር። ቦታው ትክክል ሆኖ ቀኑ 19 ዓመት ከመንፈቅ ወደኋላ የቀረ ሞጁል ያጋጠመው ሰው ምክንያቱ ይህ መሆኑን ይወቅ።

5. በሞጁሉና በሬዲዮው መካከል ያሉ ሦስት ልዩነቶች

እንደ ኬንውድ ቲ.ኤች.-ዲ.7 እና ቲ.ኤም.-ዲ.710 ያሉ አማተር ሬዲዮዎች የጂ.ፒ.ኤስ. መሰኪያ አላቸው። ሁለቱም ወገኖች ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. ይችላሉ። ነገር ግን ቋንቋ መጋራት ብቻውን አያግባባም።

የመጀመሪያው ልዩነት የቮልቴጅ ነው። ሞጁሉ «1»ን በ3.3 ቮልት፣ «0»ን በ0 ቮልት ይገልጻል። አር.ኤስ.-232 የተባለው የቀድሞ ደንብ ግን «1»ን ከ3 እስከ 15 በሚደርስ አሉታዊ ቮልት፣ «0»ን ደግሞ በዚያው መጠን አዎንታዊ ቮልት ይገልጻል። ልዩነቱ የመጠን ብቻ ሳይሆን የግልባጭም ነው። ሬዲዮው በዚህ ደንብ የሚሠራ ከሆነና የሬዲዮው መላኪያ ሽቦ ከሞጁሉ መቀበያ እግር ጋር ከተገናኘ፣ 3.3 ቮልት የለመደው እግር አሉታዊ ቮልት ይደርሰውና ይቃጠላል።

ሁለተኛው የፍጥነት ልዩነት ነው። ኒዮ-6ኤም ሲገዛ በሴኮንድ 9600 ቢት ይልካል። የኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 0183 መደበኛ ፍጥነት ግን 4800 ቢት ሲሆን ብዙ የቀድሞ ሬዲዮዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። አንዳንዶቹ 9600ንም ስለሚቀበሉ የሬዲዮውን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ይገባል።

ሦስተኛው የብዛት ልዩነት ነው። አንድ ፊደል ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ በ4800 ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው 480 ፊደል ብቻ ነው። ሞጁሉ ግን የቦታን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሳተላይት ከፍታ፣ አቅጣጫና የምልክት ጥንካሬ ስለሚዘረዝር፣ ብዙ ሳተላይት በሚታይበት ጊዜ በሴኮንድ ከ500 ፊደል በላይ ሊልክ ይችላል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ዝርዝሩን እንዳለ መተው በጠባብ በር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለማስገባት እንደ መሞከር ነው። መፍትሔው ሬዲዮው የሚያስፈልጉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች፣ ጂ-ፒ-አር-ኤም-ሲን እና ጂ-ፒ-ጂ-ጂ-ኤን፣ ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ማጥፋት ነው። ሁለቱ በአንድነት 150 ፊደል ገደማ ስለሆኑ በ0.31 ሴኮንድ ያልፋሉ።

ፍጥነቱንና ዝርዝሩን ለመለወጥ ሞጁሉን ከዩ.ኤስ.ቢ. ወደ ሲሪያል በሚቀይር ባለ 3.3 ቮልት ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ዩ-ሴንተር በተባለው የአምራቹ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ለውጡን ካስቀመጡ በኋላ ኃይሉን አጥፍቶ እንደገና ማብራትና ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ርካሽ ሞጁሎች ላይ ቅንብሩ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋልና።

6. የግንኙነቱ አሠራር

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ሞጁሉ፣ 7805 የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ ማክስ232 የተባለው የተዋሐደ ሰርኪት፣ አራት ባለ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮች፣ አንድ ባለ 0.33 እና ሁለት ባለ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮች፣ ባልቦላ፣ መሰኪያ፣ ሽቦና መልቲሜትር። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሱቅ ላይገኙ ይችላሉ፤ ዝርዝሩን ጽፎ መውጣት ይመረጣል።

ማክስ232 ከ5 ቮልት ብቻ ተነሥቶ አዎንታዊና አሉታዊ ቮልቴጅ ያዘጋጃል። አሠራሩ ውኃ በእንስራ እንደ መቅዳት ነው። አንዱን ካፓሲተር በ5 ቮልት ይሞላውና በ5 ቮልቱ ራስ ላይ ደርቦ ወደ 10 ቮልት የሚጠጋ ያገኛል፤ በሁለተኛው ካፓሲተር ደግሞ ይህንኑ ገልብጦ አሉታዊ ያደርገዋል። ይህንም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ደረጃ 1። ከ13.8 ቮልት የኃይል ምንጭ በባልቦላ በኩል ወደ 7805 መግቢያ ይያያዝ። በመግቢያውና በመሬት መካከል 0.33፣ በመውጫውና በመሬት መካከል አንዱ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ይቀመጥ። ሌላ ምንም ሳይያያዝ መውጫው ይለካ፤ ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት መሆን አለበት። ሞጁሉ የሚወስደው ጅረት 50 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሆነ በማረጋጊያው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው (13.8 − 5) × 0.05 = 0.44 ዋት ነው። ማክስ232 የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ ማቀዝቀዣ ብረት አያስፈልግም።

ደረጃ 2። የማክስ232 እግር 16 ከ5 ቮልት፣ እግር 15 ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ በሁለቱ መካከል የቀረው 0.1 ማይክሮ ፋራድ ይግባ። ባለ 1 ማይክሮ ፋራዶቹ በእግር 1 እና 3፣ በእግር 4 እና 5፣ በእግር 2 እና 16፣ በእግር 6 እና በመሬት መካከል ይቀመጡ። አዎንታዊ ጫፋቸው በእግር 1፣ 4 እና 2 በኩል ይሆናል። በእግር 6 ላይ ያለው ግን አዎንታዊ ጫፉ ወደ መሬት ይዞራል፤ ይህን የሚዘነጋ ተማሪ ብዙ ነው።

ደረጃ 3። ኃይል ይሰጠው። ከመሬት ጋር ሲነጻጸር እግር 2 ከ8 እስከ 10 ቮልት አዎንታዊ፣ እግር 6 በዚያው መጠን አሉታዊ ማሳየት አለባቸው። ካላሳዩ ካፓሲተሮቹ ይመርመሩ እንጂ ወደሚቀጥለው አይታለፍ።

ደረጃ 4። ኃይሉ ጠፍቶ የሞጁሉ ቪ.ሲ.ሲ. ከ5 ቮልት (ሰሌዳው የራሱ የ3.3 ቮልት ማረጋጊያ ያለው ከሆነ ብቻ)፣ ጂ.ኤን.ዲ. ከመሬት፣ ቲ.ኤክስ. ከማክስ232 እግር 11 ጋር ይያያዝ። አር.ኤክስ. የተባለው እግር ባዶውን ይቅር፤ ሬዲዮው ለሞጁሉ የሚናገረው ነገር የለምና።

ደረጃ 5። እግር 14 የመረጃው መውጫ ነው። መረጃ በማይተላለፍበት ቅጽበት 8 ቮልት ያህል አሉታዊ ያሳያል፤ መረጃ ሲያልፍ ንባቡ በየሴኮንዱ ይንቀጠቀጣል። ይህ ከታየ በኋላ ብቻ እግር 14 ከሬዲዮው የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ፣ መሬቱም ከሬዲዮው መሬት ጋር ይገናኝ። የመሰኪያው የትኛው ቀለበት የትኛው ሽቦ እንደሆነ ከሬዲዮው መመሪያ መጽሐፍ ይታይ እንጂ አይገመት።

ደረጃ 6። የሞጁሉ አንቴና ከማስተላለፊያው አንቴና ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በደርዘን የሚቆጠር ዋት የሚረጭ አንቴና አጠገብ የተቀመጠ ተቀባይ ከሰማይ የሚመጣውን ሹክሹክታ አይሰማም። በመኪና ውስጥ ከሆነ ከብረቱ ጣሪያ በታች ሳይሆን በፊት መስተዋቱ ሥር ይሁን።

7. ቦታው እንዴት ይተላለፋል?

ቦታን በአማተር ሬዲዮ የማስተላለፍ የታወቀው ዘዴ በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠራ በነበረው በቦብ ብሩኒንጋ የተፈጠረው ኤ.ፒ.አር.ኤስ. ነው። በዚህ ዘዴ የጥሪ መለያው፣ ቦታውና አጭር መልእክት በአንድ ዕሽግ ተደርገው በሴኮንድ 1200 ቢት ይላካሉ። «1» በ1200 ኸርዝ፣ «0» መሰል ለውጦች ደግሞ በ2200 ኸርዝ ድምፅ ይወከላሉ ብሎ ማሰብ ለጀማሪ ይበቃል፤ በትክክል ሲነገር ድምፁ ሲለዋወጥ «0»፣ ሳይለወጥ ሲቀጥል «1» ነው። ይህን የሚሠራ ክፍል በውስጣቸው ለሌላቸው ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች ድምፁን አዘጋጅቶ በማይክሮፎን መሰኪያ የሚያስገባ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ይጨመርላቸዋል።

በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ በአመዛኙ የሚሄደው በእይታ መስመር ነው። ርቀቱ በኪ.ሜ. ሲገመት 4.12 × (√ከ1 + √ከ2) ይሆናል፤ ከ1 እና ከ2 የሁለቱ አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ናቸው። የመኪናው አንቴና 2 ሜትር፣ የተቀባዩ 30 ሜትር ቢሆን ርቀቱ 28 ኪ.ሜ. ያህል ነው። በመካከል ተራራ ካለ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ መልእክቱ የሚደርሰው የሚሰማ ጣቢያ በእይታ መስመር ካለ ብቻ መሆኑን ማወቅና አስቀድሞ መሞከር የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው።

8. ቦታን በስድስት ምልክት መግለጽ

አማተሮች ረጅሙን ቁጥር በድምፅ ከማንበብ ይልቅ ሜይደንሄድ በተባለው የአመልካች ዘዴ ይጠቀማሉ። የዱባይ ተራን አካባቢ እንውሰድ።

ኬንትሮስ፦ 38.74 + 180 = 218.74። ለ20 ሲካፈል 10 ደርሶ 18.74 ይተርፋል። ከዜሮ ሲቆጠር 10ኛው የላቲን ፊደል «ኬ» ነው። 18.74 ለ2 ሲካፈል 9 ደርሶ 0.74 ይተርፋል። 0.74 × 12 = 8.88፤ 8ኛው ፊደል «አይ» ነው።

ኬክሮስ፦ 9.03 + 90 = 99.03። ለ10 ሲካፈል 9 ደርሶ 9.03 ይተርፋል፤ 9ኛው ፊደል «ጄ» ነው። ከ9.03 ሙሉው ቁጥር 9፣ ትርፉ 0.03 ነው። 0.03 × 24 = 0.72፤ 0ኛው ፊደል «ኤ» ነው።

ፊደላቱና ቁጥሮቹ ኬንትሮስን እያስቀደሙ ሲጻፉ ኬ.ጄ.99.አይ.ኤ. ይሆናሉ። ይህ 9.2 በ4.6 ኪ.ሜ. የሚሆን አራት ማዕዘን ነው። በአይ እና በጄ መካከል ያለው ድንበር 38.75 ዲግሪ ላይ ስለሚያልፍ የ5 ኪሎ ግቢ በኬ.ጄ.99.ጄ.ኤ. ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው አመልካቻቸው የተለያየ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሞጁሉ 133000.00 ቢል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?

2. 1135.4000 ኤን እና 03723.4000 ኢ በአስርዮሽ ዲግሪ ስንት ናቸው? ከተማዋ ማን ናት? አመልካቿስ?

3. በማክስ232 እግር 14 ላይ ሞጁሉ ተገናኝቶ ሳለ ያለማቋረጥ 8 ቮልት አዎንታዊ ቢለካ ስለ እግር 11 ምን ይባላል?

4. ሰዓቱና ቀኑ የተሞላ፣ ነገር ግን በሰዓቱ ቀጥሎ «ቪ» የተጻፈበት ዐረፍተ ነገር ቢደርስ ቦታውን ማስተላለፍ ይገባልን?

መልስ

1. ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። 2. 11.59 እና 37.39፤ ባሕር ዳር፤ ኬ.ኬ.81.ኪው.ኦ.። 3. ማክስ232 ምልክቱን ስለሚገለብጥ እግር 11 ወደ 0 ቮልት ወርዷል ማለት ነው፤ የሞጁሉ ኃይልና የቲ.ኤክስ. ሽቦ ይመርመር። 4. አይገባም፤ ሞጁሉ ሰዓቱን ከአንድ ሳተላይት ወይም ከራሱ ሰዓት ሊያገኘው ይችላል፤ ቦታ ግን ገና አላገኘም።